የሳክራል ነርቭ ማነቃቂያ ምንድን ነው?

ፊኛዋ ከአንድ ሊትር በላይ ሽንት ይዞ፣ መጸዳጃ ቤት ገብታ ብትጠብቅ ጠብ የማይልላት ሴት አለች። ያን ያህል ተጠራቅሞም አጣዳፊ ስሜት ላይኖራት ይችላል። ብዙ ጊዜ ወጣት ናት። ጠጠር፣ ዕጢ ወይም የአከርካሪ ጉዳት ሲታጣ «ጭንቀት ነው» ይሏታል፤ ምክንያት ያልተገኘለት ሁሉ የጭንቀት ነው ማለት ግን ስንፍና ነው።

እንግሊዛዊቷ ሐኪም ክሌር ፋውለር በአውሮፓውያኑ 1980ዎቹ የእነዚህን ሴቶች የሽንት መዝጊያ ጡንቻ በመርፌ ኤሌክትሮድ መረመሩ። ጡንቻው መላላት ሲገባው እንደተኮማተረ ይቀራል። ሕመሙ ዛሬ በስማቸው ፋውለር ሲንድረም ይባላል። ሽንቱን በቀን ብዙ ጊዜ በካቴተር፣ ማለትም ወደ ፊኛ በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ ማስወጣት ይቻላል፤ ነገር ግን ያ ጡንቻ ቱቦውን ጨምድዶ ስለሚይዘው ቱቦውን መልሶ ማውጣቱ ያማል።

እዚህ ላይ ነው ማነቃቂያው የሚመጣው። ከልብ ምት ማስተካከያ ጋር የሚመሳሰል ትንሽ ባትሪ መቀመጫ ላይ ከቆዳ ሥር ይቀበራል፤ ከእሱ የሚወጣው ቀጭን ሽቦ ከወገብ በታች ባለው ሳክረም በተባለው አጥንት ቀዳዳ አልፎ ከሦስተኛው የሳክራል ነርቭ አጠገብ ይቀመጣል። ሐኪሙ ቦታውን መምታቱን ከሚያውቅባቸው ምልክቶች አንዱ የእግር አውራ ጣት መታጠፉ ነው።

መሣሪያው ፊኛውን እየጨመቀ ሽንት አያስወጣም። ተመራማሪዎች እንደሚሉት፣ የተኮማተረው ጡንቻ ወደ ላይ የሚልከው መልእክት ፊኛውን ዝም ያሰኘዋል፤ ለስላሳው የኤሌክትሪክ ምት ያንን መልእክት ሲገታ አንጎል ፊኛው መሙላቱን እንደገና ይሰማል።

ከሁሉም የምወደው ሙከራው ነው። ቋሚው ባትሪ ከመቀበሩ በፊት ሽቦው ከውጭ ባትሪ ጋር ተያይዞ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ይሞከራል። ታካሚዋ የሸናችውንና የቀረውን መጠን ትመዘግባለች፤ ቢያንስ ግማሽ ያህል መሻሻል ካልታየ ቋሚው አይገባም። የማነቃቂያውን ሐሳብ ያዳበሩት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ ኤሚል ታናጎና ሪቻርድ ሽሚት ናቸው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሽንት ማስወጣት ላቃታቸው በአውሮፓውያኑ 1999 ፈቀደው።

ሽቦው ሊንሸራተት፣ ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ ባትሪው ያለበት ቦታ ሊያም፣ ድጋሚ ቀዶ ሕክምናም ሊያስፈልግ ይችላል። የሽንት መተላለፊያ በጠባሳ ወይም በዕጢ ለተዘጋባት ሴት አይሆንም። በእርግዝና ወቅት መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ እንዲጠፋ ይደረጋል። ትራማዶልና ኮዴን የመሳሰሉ የሕመም ማስታገሻዎችም ሽንት ስለሚያግዱ፣ ስለ ቀዶ ሕክምና ከመነጋገር በፊት የሚወሰዱትን መድኃኒቶች ሁሉ ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።