«ጮኸ እኮ!»፦ መልቲሜትር ያላለውን የምናስብለው

አዳማ ላይ የኤሌክትሪክ ዕቃ ስጠግን ብዙ ዓመት ሆነኝ። እንደ «ጮኸ እኮ!» ያሰለቸኝ ቃል የለም። አንዱ ይመጣና «መልቲሜትሩ (ቮልት፣ አምፔርና ኦም የሚለካው መሣሪያ) ጮኸ፣ ስለዚህ ገመዱ ደህና ነው» ይለኛል። በማግስቱ ሌላው «ጮኸ፣ ስለዚህ ኮንታክት አድርጓል»፣ ማለትም መነካካት የሌለባቸው ሽቦዎች ተነካክተዋል፣ ብሎ ይከራከረኛል። ድምፁ አንድ ነው፤ ፍርዱ ግን ሁለት፣ ያውም ተቃራኒ። ድምፁ ብቻውን አንዱንም አያረጋግጥም።

መልቲሜትር ድምፅ ላይ ሲሆን ከራሱ ባትሪ በጣም ትንሽ ከረንት ይልክና በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን ቮልቴጅ ያያል። ብዙዎቹ ተቃውሞው (ከረንቱን የሚያግደው መጠን፣ በኦም ይለካል) ከ30 ወይም ከ50 ኦም በታች ከሆነ ይጮኻሉ፤ ልኩ እንደ መሣሪያው ይለያያል። «መንገድ አለ» ማለቱ ነው፣ ሌላ ምንም አላለም። መንገዱ ሰፊ ይሁን ጠባብ አልነገረንም። ከውስጡ ሽቦዎች አንዲት ክር ብቻ የቀረችው ገመድም ይጮኻል።

ፍራንኮ አካባቢ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናት ምጣዳቸውን በባጃጅ ጭነው መጡ።

«ልጄ፣ ኮንታክት አድርጓል፣ የውስጡ ሽቦ በሙሉ ይቀየር ተባልኩ።»

«በምን አወቁት፣ እትዬ?»

«በዚያ በሚለኩበት ስፒናውን ሲነኩት ጮኸ።»

ኦም ላይ አድርጌ በስፒናው ሁለት እግሮች መካከል ለካሁ፤ 14 ገደማ አነበበ። 3,500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። 220ን ለ16 ያካፍሉ፤ 14 ኦም ገደማ ነው። ምጣዱ የጮኸው ጤነኛ ስለሆነ ነው! ኮንታክት ቢያደርግ ኖሮ ንባቡ ወደ ዜሮ ይጠጋ ነበር። ከእያንዳንዱ እግር ወደ ብረቱ አካልም ለካሁ፣ ምንም የለም። እኚህ ሴት ግን ጤነኛ ሽቦ ለማስቀየር ገንዘብ ሊከፍሉ ነበር። ይህ ነው የሚያናድደኝ።

ታዲያ ምጣዱ ለምን እንደ ወትሮው ቶሎ አልግል አለ? ስፒናውን ገልብጬ ሳየው አንደኛው እግር ጠቁሯል፣ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ቀልጦ ተጨማዷል። ቤታቸው ሄድኩ። ሶኬቱ ባዶውን 221 ቮልት ያነባል። ምጣዱ ተሰክቶ ሲበራ ግን ምጣዱ ጋ የሚደርሰው 203 ነው። ብሬከሩን አጥፍቼ ሶኬቱን ስፈታ ገመዱን የሚይዘው ብሎን ላልቷል። እዚያ ላይ አንድ ኦም ያህል ተቃውሞ ተፈጥሯል። በ15 አምፔር አንድ ኦም ማለት ከ200 ዋት በላይ ሙቀት ነው፤ ያ ሁሉ ግድግዳው ውስጥ የሚነድ ነው። በድምፅ ብትፈትሹት ግን ያ የላላ ብሎን ጥርት አድርጎ ይጮኻል። ገመዱን በአዲስ ቆርጬ፣ ሶኬቱንና ስፒናውን ቀይሬ፣ ብሎኑን አጥብቄ ጨረስኩ። ምጣዱ አልተነካም።

ስለዚህ ስፒናው ወይም ሶኬቱ ከጋለ፣ የፕላስቲክ ሽታ ካለ፣ ምጣዱ ከወትሮው ከዘገየ፣ «ጮኸ» ብሎ የሚያሰናብታችሁን አትስሙ። ዕቃው እየሠራ ቮልቱ ይለካ። ይህን ግን ሙያው ያለው ሰው ይሥራው፤ ምጣድ ጋ በእርጥብ እጅ የሚሞከር ነገር አይደለም።

«ቮልት ካለ ኃይል አለ» የሚለውም የዚሁ ወንድም ነው። የባጃጅ ሹፌሮች «ባትሪው 12.5 ያነባል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም» ይሉኛል። መልቲሜትር ቮልት ሲለካ የውስጥ ተቃውሞው ከ1 እስከ 10 ሚሊዮን ኦም ነው፤ ከባትሪው የሚወስደው ከረንት የአምፔር ሚሊዮንኛ ቤት ነው። ያንንማ የደከመ ባትሪም ይሰጣል። ሞተር ሲነሳ ግን ብዙ አምፔር ይጠየቃል። ሞተሩን ለማስነሳት ስትሞክሩ ቮልቱን እያያችሁ ለኩ፦ ከ9.6 ብዙ ወርዶ 7 ከገባ መጀመሪያ የባትሪውን ራስ አጽዱና አጥብቁ፣ ባትሪውን ቻርጅ አድርጋችሁ እንደገና ለኩ። አሁንም ከወደቀ ባትሪው ደክሟል።

ብሬከር አጥፍታችሁ ገመዱ ላይ 60 ወይም 80 ቮልት ብታዩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጎኑ ካለው የበራ ገመድ የተጋባ ነው፤ ትንሽ አምፖል ስታገናኙበት ይጠፋል። እስኪጠፋ ድረስ ግን እንደ በራ ቁጠሩት።

ውድ መልቲሜትርም ቢሆን የባትሪው ምልክት ከበራ ንባቡ አይታመንም።

የመጨረሻው ሰው የሚጎዳ ነው፦ «አምፔርም እንደ ቮልት ሶኬት ውስጥ ተከቶ ይለካል።» አይለካም! አምፔር የሚለካው ገመዱ ተቆርጦ ከረንቱ በመልቲሜትሩ ውስጥ እንዲያልፍ ሲደረግ ነው። ከ10 አምፔር ቀዳዳ ጀርባ ያለው አጭር ወፍራም ሽቦ ነው፣ ተቃውሞው ዜሮ ቤት ነው። ሶኬት ውስጥ ከከተታችሁት ፌዙን (ኃይሉን የሚያመጣውን ገመድ) ከኒውትራሉ (ከመመለሻው) ጋር በቀጥታ አገናኛችሁት፣ ኮንታክት አደረጋችሁት ማለት ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ቢጫ መልቲሜትሮች ደግሞ በዚያ ቀዳዳ ላይ ፊውዝ የላቸውም። አንድ ወጣት የጠቆረ መልቲሜትር ይዞ መጥቶ ነበር፤ የቀዩ ገመድ ጫፍ ቀልጦ ኳስ ሆኗል፣ አውራ ጣቱ በፋሻ ተጠቅልሏል። «ማዞሪያውን እኮ ቮልት ላይ አድርጌዋለሁ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ማዞሪያው ቮልት ላይ ነበር። ቀዩ ገመድ ግን ከቀድሞው ልኬት እንደተሰካ 10 አምፔር ቀዳዳ ውስጥ ነበር።