የሥነ ጽሑፍ መጽሔቶች የማስገቢያ ክፍያ ከአዲስ አበባ ዳርቻ ሲታይ

የማስገቢያ ክፍያ የሚባለው አንድ ጸሐፊ አጭር ልቦለዱን ወይም ግጥሙን በኢንተርኔት ለሥነ ጽሑፍ መጽሔት ሲልክ፣ ጽሑፉ ገና ሳይነበብ የሚከፍለው ገንዘብ ነው። የንባብ ክፍያ የሚሉትም አሉ። በብዛት የሚታየው በአሜሪካ መጽሔቶች ሲሆን፣ ለተራ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዶላር፣ ለውድድር ደግሞ ከ15 እስከ 30 ዶላር ይጠየቃል። ጽሑፉ ቢወድቅም ገንዘቡ አይመለስም። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ጀሞ ወይም የካ አባዶ ተቀምጦ በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ወይም ከአማርኛ ለሚተረጉም ወጣት ግን ከገንዘቡ መጠን ይልቅ የሚከብደው መክፈያው ነው። ብሩን ቢያጠራቅም እንኳ ድንበር ተሻግሮ የሚከፍልለት ካርድ የለውም።

ክፍያው የመጣው ከፖስታ ዘመን መጨረሻ ጋር ነው። ቀድሞ ጸሐፊው ጽሑፉን በወረቀት አትሞ፣ ቴምብር የተለጠፈበት የመልስ ፖስታ ጨምሮ ይልክ ነበር። ከሌላ አገር የሚልክ ሰው የዚያን አገር ቴምብር ስለማያገኝ ዓለም አቀፍ የመልስ ኩፖን ይገዛል። ኩፖኑ እ.ኤ.አ. በ1906 ሮም ላይ በተደረገው የዓለም ፖስታ ኅብረት ጉባኤ የተጀመረ ሲሆን፣ የአሜሪካ ፖስታ ቤት በ2013 መሸጡን አቁሟል። እኛ ዘንድ ደብዳቤ በፖስታ ሳጥን ቁጥር እንጂ በቤት ቁጥር ስለማይደርስ፣ መልሱን የሚጠብቅ ጸሐፊ የራሱ ወይም የሚያውቀው ሰው ሳጥን ያስፈልገው ነበር።

ኢንተርኔት ይህን ሁሉ ባንድ ጊዜ ቀለል አደረገው። እ.ኤ.አ. በ2010 በሞንታና ግዛት በሚዙላ ከተማ የተመሠረተው ሰብሚተብል መጽሔቶች ጽሑፍ የሚቀበሉበት፣ ለአንባቢ አርታኢዎች የሚያከፋፍሉበትና መልስ የሚሰጡበት ዋነኛ መድረክ ሆነ። መላክ ሲቀል የሚላከው በዛ፤ አርታኢዎቹ በአብዛኛው ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ናቸው፤ መድረኩም መጽሔቱን ያስከፍላል። ስለዚህ «ለቴምብር ታወጡት የነበረውን ለእኛ ስጡን» የሚል ክርክር ተነሣ፤ 3 ዶላርም የተለመደ ዋጋ ሆነ። ፕላውሼርስ የተባለው የታወቀ መጽሔት በኢንተርኔት ለሚልክ 3 ዶላር ሲያስከፍል፣ ለደንበኞቹና በፖስታ ለሚልኩ በነፃ ይቀበል ነበር። የክርክሩ ድክመት ግልጽ ነው። የቴምብሩ ገንዘብ ለፖስታ ቤት እንጂ ለመጽሔቱ አይገባም ነበር፤ አሁን ግን መጽሔቱ ከአንባቢው ማግኘት ያቃተውን ገቢ ከጸሐፊው ይሰበስባል። ዕድለኛው ጸሐፊ ከመቶ አንድ ወይም ከዚያ በታች በሆነበት ቦታ፣ የአንዱን ሕትመት ወጪ የሚሸፍኑት የወደቁት ዘጠና ዘጠኙ ናቸው ማለት ነው።

ለአማርኛ ጸሐፊ ከኪሱ ማውጣት እንግዳ ነገር እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። ጋዜጦችና መጽሔቶቻችን ግጥም ለማውጣት ገንዘብ ባይጠይቁም፣ መጽሐፍ ግን ብዙ ጊዜ በደራሲው ወጪ ነው የሚታተመው። ደራሲው ተበድሮ ወይም ስፖንሰር ፈልጎ ማተሚያ ቤት ይከፍላል። ልዩነቱ በመጨረሻ እጁ ላይ መጽሐፍ መኖሩ ነው፤ ለመጻሕፍት መደብር ያስረክባል፣ ለአዟሪ ይሰጣል፣ ባይሸጥለት እንኳ ለወዳጅ ያበረክታል። የማስገቢያ ክፍያ የሚገዛው ግን አንድ ሰው የመጀመሪያዎቹን ገጾች እንዲመለከትለት ብቻ ነው። አስተያየት የሚጽፉለት ከስንት አንድ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከዚያም ወዲህ መውጣቱን አላቆመም። ስለዚህ 3 ዶላር ከ300 ብር በላይ፣ 20 ዶላር የሚያስከፍል ውድድር ደግሞ ከ2,000 ብር በላይ ነው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. በተሻሻለው የደመወዝ ስኬል የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚቀጠር ሰው የሚጀምረው በ11,500 ብር ነው። ከዚህ ላይ የኮንዶሚኒየም ኪራይና ከዳር እስከ መሀል ከተማ ያለው ትራንስፖርት ሲነሣ፣ በወር አምስት መጽሔት ልሞክር የሚል ሰው ከምን ላይ እንደሚቀንስ መገመት አያስቸግርም።

ብሩ ቢገኝም ቴሌብር ወይም የተለመደው የባንክ ካርድ እዚያ አይሠራም። በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ የሚያገኘው በአብዛኛው የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ያለው ወይም ወደ ውጭ የሚጓዝ ሰው ነው። ቀሪው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ውጭ ያለ ዘመድ ነው፤ እህት ወይም አጎት ካርዷን ወይም ካርዱን አስገብቶ ይከፍላል። ይህ ደህና መንገድ ነው፣ ግን ለቤተሰብ የመድኃኒትና የትምህርት ቤት ገንዘብ የሚልክን ሰው «ግጥሜን የሚያነቡበት 3 ዶላር ክፈልልኝ» ማለት ለብዙ ወጣት ከባድ ነው፤ ከሁለተኛው ጊዜ በኋላ ዝም የሚሉ ብዙ ናቸው። ሌላው መንገድ በቴሌግራም የኦንላይን ክፍያ እንፈጽማለን የሚሉ ደላሎች ናቸው፤ ዶላሩን በጥቁር ገበያ ዋጋ አስበው ኮሚሽን ይጨምሩበታል። ለእነሱ የኢሜይልንም ሆነ የሰብሚተብልን የይለፍ ቃል መስጠት አይገባም፤ ሒሳቡን የያዘ ሰው ጽሑፉንም፣ ተቀባይነት ካገኘ ደብዳቤውንም ይይዛል።

ስለ ነፃ በሮች ሰፋ አድርጎ መናገር ይገባል፤ ብዙ ወጣቶች ክፍያ ያለባቸውን መጽሔቶች ብቻ አይተው ተስፋ ይቆርጣሉ። እስካሁን ስማቸው የገነነው የእኛ ልጆች አንዳንዶቹ የወጡት በነፃው በር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የብሩኔል ዩኒቨርሲቲን የአፍሪካ ግጥም ሽልማት ያሸነፈችው ልዩ ሊብሰቃል ናት፤ ሽልማቱ 3,000 ፓውንድ ነበር፣ ለመወዳደርም ክፍያ አልነበረውም። በ2015 የሲለርማን የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፍ ሽልማትን ማህተም ሽፈራው ወሰደች፤ ይህን ሽልማት የሚያዘጋጀው የአፍሪካ የግጥም መጽሐፍ ፈንድ ከተወዳዳሪ ገንዘብ አይቀበልም። በ2021 ደግሞ ሜሮን ሃደሮ 10,000 ፓውንድ የሚያስገኘውን ለአፍሪካ አጭር ልቦለድ የሚሰጠውን የኬይን ሽልማት በማሸነፍ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆነች። ኬይንም አያስከፍልም፤ ግን የሚያስገባው አሳታሚው እንጂ ጸሐፊው አይደለም፣ ስለዚህ ታሪኩ አስቀድሞ መታተም አለበት። የኮመንዌልዝ የአጭር ልቦለድ ሽልማትም ነፃ ነው፤ ሆኖም ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች የእኛ ሰው ደክሞ ባያዘጋጅለት ይሻላል።

ከአፍሪካ መጽሔቶች መካከል የኬንያው ጃላዳ ለአማርኛ አንባቢ ልዩ ቦታ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በጊኩዩ ቋንቋ የጻፉትን አንድ ተረት ወደ በርካታ ቋንቋዎች ሲያስተረጉም አማርኛም አንዱ ነበር። ለትርጉም ሥራ እ.ኤ.አ. በ1965 በቴድ ሂዩዝና በዳንኤል ዋይስቦርት የተመሠረተው ሞደርን ፖኤትሪ ኢን ትራንስሌሽን የተባለ መጽሔት አለ። በትርጉም ጽሑፍ ላይ ግን ከክፍያ የሚቀድም ጉዳይ አለ፤ የዋናው ደራሲ ወይም የወራሾቹ ፈቃድ በጽሑፍ መገኘት አለበት።

ክፍያን በተመለከተ ጥርት ያለ አቋም የወሰደው የሳይንሳዊ ልቦለድ መጽሔቱ ክላርክስወርልድ ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፉ ጽሑፎች ሲያጥለቀልቁት ለጊዜው በሩን ዘጋ። ክፍያ ቢጣል ጎርፉ ይቆማል ሲባል አዘጋጁ ኒል ክላርክ ክፍያ ብዙ እውነተኛ ጸሐፊዎችን እንደሚያስቀር፣ የማንነት ማረጋገጫ አገልግሎቶችም አንዳንድ አገሮችን በሙሉ እንደመከልከል እንደሚሆኑ ተናገረ። ይህን በምዕራቡ ዓለም ሆኖ ማየቱ ያስመሰግነዋል። መጽሔቱ እስካሁን በነፃ ይቀበላል፤ ለሚያትመውም በቃል ቁጥር ይከፍላል።

ክፍያ የሚጠይቁትም ቢሆኑ ሁሉም በሩን አይዘጉም። የእንግሊዙ ግራንታ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ጸሐፊዎች የተወሰነ ነፃ ቦታ ይሰጣል። ሌሎች ደግሞ «መክፈል ካልቻሉ ይጻፉልን» የሚል መስመር ከመመሪያው ግርጌ ያስቀምጣሉ፤ አጭርና ጨዋ ኢሜይል ይበቃል፣ የድህነት ታሪክ መተረክ አያስፈልግም። በየወሩ መጀመሪያ የተወሰነ ቁጥር እስኪሞላ በነፃ የሚቀበሉም አሉ። እነዚህ አንዳንዶቹ በሰዓታት ውስጥ ይሞላሉ፤ በኒው ዮርክ እኩለ ሌሊት ሲከፈቱ ግን እኛ ዘንድ በእነሱ በጋ ጠዋት 1 ሰዓት፣ በክረምታቸው 2 ሰዓት ነው። የመብራት መጥፋት እንዳይቀድም ፋይሉን ማታውኑ ስልክ ላይ አዘጋጅቶ፣ ፓኬጅ ሞልቶ ማደር ይጠቅማል።

የትኛው መጽሔት እንደሚያስከፍል ለማወቅ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በነፃ የሚሠራው ሰብሚሽን ግራይንደር የተባለ የመጽሔቶች ማውጫ ድረ ገጽ አለ፤ ዱኦትሮፕ የተባለው ቀደምት ማውጫ በዚያው ዓመት በወር 5 ዶላር ማስከፈል ሲጀምር የተፈጠረ ነው። የአዘጋጆቹን ስም የማይገልጽ፣ ያለፉ እትሞቹን የማያሳይ፣ የላኩትን ሁሉ ተቀብሎ መድበሉን ግዙ የሚል ቦታ ሲገኝ ገንዘብ ከመክፈል መቆጠብ ነው።

ጽሑፉ ተቀባይነት ካገኘ ደግሞ ሌላ የገንዘብ ጥያቄ ይከተላል። ብዙ መጽሔቶች የጸሐፊን ክፍያ የሚልኩት በፔይፓል ነው፤ ይህ ለኢትዮጵያ ነዋሪ አመቺ ስላልሆነ ውል ከመፈረም በፊት በባንክ ወይም በዌስተርን ዩኒየን መላክ ይችሉ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። በባንክ የሚላክ ከሆነ የባንኩ ስዊፍት ኮድና በመታወቂያው ላይ እንዳለው የተጻፈ ሙሉ ስም ይጠየቃል፤ በብዕር ስም የሚጽፍ ሰው ይህን አስቀድሞ ለአዘጋጁ ማሳወቅ አለበት።