የገበያ ክልል ምንድን ነው? አዳማን ይዘን እንየው

አንድ ትልቅ መደብር አዲስ ከተማ ከመግባቱ በፊት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሕዝብ አለ?» ይመስለናል። ዋናው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ እዚህ ብከፍት ማን፣ ከየት፣ በየትኛው መንገድ ይመጣልኛል? አብዛኛው ደንበኛ የሚመጣበት አካባቢ የዚያ መደብር የገበያ ክልል ይባላል። ከከተማ አስተዳደር ወሰን ጋር አይገናኝም። አንዳንዴ ከከተማው አልፎ ይሄዳል፤ አንዳንዴ ደግሞ ከሁለት ሰፈር አይዘልም።

ስፋቱን በዋናነት የሚወስነው የሚሸጠው ዕቃ ነው። ዳቦና ሳሙና ለመግዛት ማንም ሚኒባስ አይሳፈርም። ለፍሪጅ፣ ለሶፋ፣ ለሠርግ ልብስ ግን ሰው ከሌላ ከተማም ይመጣል። ስለዚህ ልብሱን፣ ጫማውን፣ የቤት ዕቃውን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሸጥ መደብር አዳማን ሲያጠና ወንጂን፣ ወለንጪቲን፣ ዴራን፣ አሰላንም አብሮ ማየት አለበት።

ችግሩ እነዚህኑ ሰዎች አዲስ አበባም ትስባቸዋለች። ዊሊያም ራይሊ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1931 ለዚህ ስሌት አስቀምጧል። ከተማ በሕዝቡ ብዛት ልክ ገዢ ይስባል፤ ርቀት ሲጨምር ግን ጉልበቱ ቶሎ ይደክማል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ስበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ለምሳሌ ሁለት ከተሞች 100 ኪሎ ሜትር ተራርቀው፣ የትልቁ ሕዝብ የትንሹን 9 እጥፍ ቢሆን፣ ስበታቸው እኩል የሚሆነው ከትንሹ 25 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ከአዳማ ተነስተን ወደ አዲስ አበባ ብንሄድ ሞጆ አካባቢ መሆኑ ነው።

ስሌቱ ጥሩ መነሻ ነው እንጂ መልስ አይደለም። ሰው የሚቆጥረው ኪሎ ሜትር ሳይሆን ሰዓትና የትራንስፖርት ዋጋ ነው። የፍጥነት መንገዱ አዲስ አበባን ለአዳማ ሰው አቅርቧታል፤ መኪና ያለው ሰው ጠዋት ሄዶ ዕቃውን ገዝቶ ለምሳ ይመለሳል። ዴቪድ ሃፍ የተባለ ሌላ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያሻሻለው ይህንን ነው። ስበቱ እኩል የሚሆንበትን ድንበር አነሳና «ይህ ሰው እዚህ የመግዛት ዕድሉ ምን ያህል ነው?» በሚል ተካው፦ ያው አንድ ሰው አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ይገዛል።

የአሰላ ሰው ደግሞ አዲስ አበባ የሚሄደው በአብዛኛው በአዳማ በኩል ነው። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ግን ማለፍና መቆም ለየቅል ናቸው። ማንም ሲሄድ ሸክም አያበዛም። የሚገዛው ሲመለስ ነው። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ነጋዴዎች ወደ ቤት የሚመለሰው ሰው የሚሄድበትን የመንገድ ወገን ይመርጣሉ። አስፋልቱን ተሻግሮ፣ ፌስታል አንጠልጥሎ፣ እንደገና ተሻግሮ ባጃጅ መያዝ ብዙ ሰው ያስቀራል። እኔ ከኪራይ ዋጋ በፊት የማየው ይህንን ነው።

በግርግር መታለል ደግሞ የተለመደ ነው። መነኸሪያ አካባቢ ሰው ይርመሰመሳል፤ ግን ሐሳቡ መኪና እንዳያመልጠው ነው። አዳማ ለስብሰባ የመጣውም እንግዳ ሆቴልና ምግብ ቤት ያደምቃል እንጂ አንሶላና ድስት ገዝቶ አይመለስም።

ሌላው ጉዳይ መጋዘን ነው። የዋልማርት መሥራች ሳም ዋልተን እ.ኤ.አ. በ1962 የመጀመሪያውን ዋልማርት የከፈተው ሮጀርስ በምትባል ትንሽ የአርካንሶ ከተማ ነበር። ኋላ ላይ በትንሽ አውሮፕላኑ እየዞረ ቤት ወዴት እንደሚሠራ፣ መንገድ ወዴት እንደሚሄድ ከላይ ያይ ነበር። አዲስ መደብር የሚጨምረውም ከመጋዘኑ የአንድ ቀን መንገድ ሳይርቅ ነበር። አዳማ በዚህ በኩል የሞጆ ደረቅ ወደብ ቅርቧ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ችርቻሮን ለውጭ ባለሀብቶች ከፍቷል። የሚመጡት ይህንን ሁሉ አስልተው ነው የሚመጡት። የአዳማ ነጋዴ ግን ከእነሱ የሚቀድምበት ነገር አለው፤ ደንበኛው በየቀኑ ፊቱ ቆሟል። ካሸሯ ሒሳብ ስትቀበል «ከየት ሰፈር ነው?» ብላ ፖስታ ቤት፣ ቦኩ፣ ወንጂ፣ ዴራ እያለች ትመዝግብ። ወር ሳይሞላ ካርታው ይወጣል። ሁለተኛ ቅርንጫፍ ሲታሰብ ያ ካርታ ይዘርጋ፤ የአዲሱ ክልል በነባሩ ላይ ከተደረበ አዲሱ የሚያገኘው ገዢ ከነባሩ የተወሰደ ነው።