አሮጌ ኮምፒውተርና ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር፦ ዳሰሳ ከጎንደር

ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የሚባለው ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። የፈለገ ያነበዋል፣ ያስተካክለዋል፣ ለሌላው ያካፍለዋል። እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር የሚያስኬዱት ሊኑክስና በእሱ ላይ የተሠራው ዴቢያን የዚህ ዓይነት ናቸው። እነዚህ ፕሮጀክቶች ፋብሪካው ማምረት ካቆመ ዓመታት ያለፉትን ኮምፒውተር እስከ መቼ ይደግፉ? ክርክሩ የቆየ ነው። ጎንደር ላይ ደግሞ በየቀኑ የሚያጋጥም ጉዳይ ነው።

ፒያሳ አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ በሉ። ዴስክቶፑ ጎኑ ተከፍቶ ነው የሚሠራው፤ ከተዘጋ ይግላል። የኪቦርዱ ፊደላት ተፍቀው አልቀዋል፤ ጸሐፊዋ ግን በጣቷ ታውቃቸዋለች። መብራት ሲጠፋ ድርግም ይላል፣ ሲመጣ እንደገና ይነሳል። ማመልከቻው፣ ሲቪው፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ሁሉ በእሱ ያልፋል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪውም አዲስ ላፕቶፕ ሲከብደው ያገለገለ ፈልጎ ይገዛል። በእኛ ከተማ ኮምፒውተር የሚጣለው ሲሞት ነው እንጂ ሲያረጅ አይደለም።

ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ አበቃ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ክፍልና አዳዲስ ፕሮሰሰሮችን ይጠይቃል። ስለዚህ ምንም ያልጎደለው ማሽን በአንድ ቀን ከመስመር ወጣ። እንዲህ ላለው ማሽን ሊኑክስ ጥሩ ማረፊያ ነው። እዚያም ቢሆን ግን ድጋፍ ዘላለማዊ አይደለም።

ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑክስን የጀመረው ባለ 386 ፕሮሰሰር ኮምፒውተር ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የከርነል (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) ስሪት 3.8 ያንኑ 386 አስወጣው። በኋላ የመጡት ፕሮሰሰሮች ያሏቸው አንዳንድ ትእዛዞች 386 ላይ የሉም። ለእሱ ብቻ የተለየ ኮድ መያዝ ግድ ነበር፤ ሌላ ቦታ አንድ ነገር በተነካ ቁጥር ያም ኮድ አብሮ ይነካል። ኢታኒየም የተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰርም እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ስሪት 6.7 ቀርቷል።

ዋናው ችግር ኮዱ ቦታ መያዙ አይመስለኝም። የሚፈትነው ሰው መጥፋቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የሊኑክስ የፍሎፒ ዲስክ ድራይቨር (ዕቃውን ከስርዓቱ የሚያገናኘው ኮድ) "ባለቤት የሌለው" ተብሎ ተመዘገበ። ይይዘው የነበረው ሰው የሚሠራ ፍሎፒ ማጫወቻ አልቀረውም ነበር። በእጅህ የሌለ ዕቃ ላይ ኮድህ ይሥራ አይሥራ በምን ታውቃለህ? ቆየት ብሎ ሌላ ሰው ተረከበውና ድራይቨሩ ተረፈ። ኔትቢኤስዲ የተባለው ስርዓት ዛሬም ከ50 በላይ የማሽን ዓይነቶችን ይይዛል። ሞቶሮላ 68ሺ ለተባለው የድሮ ፕሮሰሰር የተዘጋጀው የዴቢያን ቅጂም ከይፋዊው ዝርዝር ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም በፈቃደኞች እጅ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይምታታል። "ዴቢያን አሮጌ ኮምፒውተር ተወ" ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2025 የወጣው ዴቢያን 13 ያቆመው ለባለ 32 ቢት ፒሲዎች፣ ማለትም ከ64 ቢት በፊት ለነበረው ትውልድ፣ ከርነልና መጫኛ ማዘጋጀትን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ብቅ ያለው ኮር 2 ዱዎ የተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ባለ 64 ቢት ስለሆነ አሁንም ይጫንበታል። ስለዚህ ላፕቶፑን ከመጣል በፊት ፕሮሰሰሩን ማየት ነው። ላፕቶፑን የሚያንቀው ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ነው፤ 2 ጊጋባይት ራም ላይ የዛሬ ብራውዘር መክፈት። ራም ጨምሮ፣ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ቀይሮ፣ እንደ ኤክስኤፍሲኢ ያለ ቀላል የዴስክቶፕ ገጽታ መጫን ትልቅ ለውጥ ያመጣል። የፋሲል ግቢ ግንቦች በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶ ተጠግነው ነበር፤ በኋላ ሲሚንቶው ተነስቶ በኖራ ተተካ። አሮጌ ማሽንም እንደ ራሱ ልክ ነው የሚታደሰው።

ታዲያ ፕሮጀክቶቹ ይደግፉ ወይስ ይተዉ? እኔ ይደግፉ እላለሁ፤ የሚፈትን አንድ ሰው እስካለ ድረስ። በነፃ የሚሠራን ፕሮግራመር ያላየውን ማሽን እንዲጠግን ማስገደድ ግን ግፍ ነው። መተው ግድ ከሆነም አስቀድሞ ይነገር፣ የመጨረሻው ስሪት የደህንነት ማስተካከያ ለጥቂት ዓመታት ይድረሰው። ኢንተርኔት እንደልብ በማይገኝበት ቦታ ድንገት መቁረጥ የሚጎዳው የመጨረሻውን ተጠቃሚ ነው።

ፈታኞቹ ደግሞ እዚሁ አሉ። አንድ የማውቀው የጥገና ባለሙያ ባለ መስመር ደብተር አለው። የላፕቶፑን ሞዴል ይጽፋል፣ ከጎኑ የሆነውን፦ "ዋይፋይ አልያዘም። ስልክ በኬብል ተሰክቶ ኢንተርኔት ተሰጠው፣ ፈርምዌሩ ወረደ፣ ሠራ።" "ከእንቅልፍ ሲነሳ ስክሪኑ ጨለመ።" ገጽ በገጽ እንዲህ ነው። ኮዱን የሚጽፉት ሰዎች የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። ሞዴሉ፣ የከርነሉ ስሪት፣ ምን ሲደረግ ምን እንደሆነ። የዴቢያን የስህተት መዝገብ ይህን በተራ ኢሜይል ይቀበላል። እስካሁን ከደብተሩ አንድም ገጽ አልተላከም። በሚቀጥለው ቅዳሜ የመጀመሪያዎቹን አምስት ሞዴሎች አብረን ልንጽፍ ተቀጣጥረናል።