«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም»

ይህን አባባል አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ሰው ሲመከር ነው። ሁለት ሥራ ደርቦ ለያዘ፣ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ለሚነካካ ይነገራል። «ተው፣ አቅምህን እወቅ» እንደማለት ነው። በዚህም የተነሳ ብዙ ሰው «ትልቅ ነገር አትመኝ» የሚል ምክር አድርጎ ይወስደዋል። ለእኔ ግን መልእክቱ ሌላ ነው።

ሾላ ሊለቅም ዛፍ ላይ የሚወጣ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዱን እግሩን ቅርንጫፍ ላይ አጥብቆ ይተክላል። በሌላው ቀጣዩን መርገጫ ይፈልጋል። አንዱ ሲይዝ ሌላው ይፈልጋል፤ ሁለቱም እግሮች የሚሠሩት ለአንድ ዛፍ ነው። አንዱን እግር አጠገብ ያለው ዛፍ ላይ ካሳረፈማ መውጣቱ ቀርቶ መውረዱም ጭንቅ ነው። አባባሉ የመጣው ከዚህ ነው። ስለ ዛፉ ቁመት ግን ምንም አይልም። የፈለገውን ያህል ይርዘም፣ ብቻ አንድ ይሁን።

ይህ አባባል ልክ ሆኖ የማገኘው ያለ ትልቅ ኩባንያ፣ በራሳቸው አቅም ጌም በሚሠሩ ሰዎች ላይ ነው። ሕልማቸው ሲጀመር አንዲት ትንሽ መንደር ናት። ከዚያ ዋሻ ይጨመራል። ከዚያ ውጊያ። ከዚያ ደግሞ «ጓደኛሞች በኦንላይን አብረው ቢጫወቱትስ?» ይመጣል። አንድ የነበረው ጌም ሳይታወቅ ሦስት ይሆናል፤ ሦስቱም ሳያልቁ ይቀራሉ።

አሜሪካዊው ኤሪክ ባሮን ስታርዲው ቫሊ የተባለውን የእርሻ ጌም ለብቻው ሲሠራ ከአራት ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ኮዱን ጻፈ፣ ሥዕሉን ሳለ፣ ሙዚቃውን ደረሰ፣ የገጸ ባሕርያቱን ንግግር ጻፈ። ሥዕሎቹን ደግሞ አልጥም ሲሉት እየደጋገመ ከዜሮ ይስላቸው ነበር። ለኑሮው ሲያትል ውስጥ በሚገኝ ቲያትር ቤት አስተናጋጅ ሆኖ ይሠራ ነበር። ታዲያ ይህ ሁሉ ሥራ ሁለት ዛፍ መውጣት አይደለም ወይ? አይደለም። ሁሉም የአንድ ዛፍ ቅርንጫፎች ናቸው።

ሁለተኛው ዛፍ የመጣው በኦንላይን አብሮ መጫወት ሲታሰብ ነው። መጀመሪያ ከጌሙ ጋር አብሮ እንዲወጣ ታቅዶ ነበር። ለአንድ ሰው ግን የኔትወርክ ሥራ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። ስለዚህ ለሌላ ጊዜ አቆየው። ጌሙ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ያለሱ ወጣ፤ በሁለት ወር ውስጥም አንድ ሚሊዮን ኮፒ ተሸጠ። አብሮ መጫወቱ በ2018 ተጨመረ።

በ2021 ደግሞ ሃውንትድ ቾኮላቲየር የተባለ አዲስ ጌም እየሠራ መሆኑን አስታወቀ። ሰዉ ጓጓ። በመካከሉ ግን 1.6 የተባለው የስታርዲው ቫሊ ማሻሻያ ከታሰበው በላይ ሰፋ። ያን ጊዜ አዲሱን ጌም ወደ ጎን አድርጎ ወደ ድሮው ተመለሰ። አንዳንዶች ይህን እንደ መዘግየት ያዩታል። ለእኔ ግን ድንቅ ውሳኔ ነው፤ ምክንያቱም አዲስ ነገር ላይ ያለው ጉጉት አሮጌውን ከመጨረስ ይልቅ ሁልጊዜ ይጣፍጣል። ማሻሻያው በቅድሚያ ለኮምፒውተር በመጋቢት 2024 ወጣ፤ ለኮንሶል (ቴሌቪዥን ላይ ለሚሰካ የጌም መጫወቻ) እና ለስልክ ደግሞ ከወራት በኋላ ደረሰ።