«መንደር ያለ ጻድቅ አይቆምም»

ሩሲያውያን «ኔ ስቶይት ሴሎ ቤዝ ፕራቬድኒካ» ይላሉ። በእኛ ሲመለስ «መንደር ያለ ጻድቅ አይቆምም» ነው። አንድ ደግ ሰው ሳይታወቅለት ብዙዎችን ደግፎ ሲኖር የሚባል ነው። ስለ ሩሲያ መንፈሳዊ ተስፋ ሲወራ ብዙ ሰው «ሞስኮ ሦስተኛዋ ሮም ናት» የሚለውን ያነሣል፤ ሞስኮ ከሮምና ከቁስጥንጥንያ ቀጥላ የክርስትና መዲና ሆነች የሚል ሐሳብ ነው። እሱ የዙፋን ወሬ ነው። እኔ ልቤ የሚያርፈው በመንደሩ ተረት ላይ ነው።

ቃላቱን ቀረብ ብለን እንያቸው። «ሴሎ» በድሮው አጠራር ቤተ ክርስቲያን ያለው መንደር ነው። የሌለው «ዴሬቭንያ» ይባላል። «ፕራቬድኒክ» ደግሞ «ፕራቭዳ» ከሚለው ይወጣል፤ እውነትም፣ ፍትሕም ማለት ነው። እዚህ ላይ እንዳንሳሳት። እኛ ጻድቅ ሲባል ቶሎ የሚታዩን አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፤ በአንድ እግራቸው ቆመው፣ ክንፍ አውጥተው። የተረቱ ጻድቅ ግን ገዳም አልገባም። ድንች የሚቆፍር ጎረቤት ነው።

የሐሳቡ ሥር ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 18 ነው። አብርሃም ስለ ሰዶም ከፈጣሪ ጋር ይከራከራል። ከ50 ጻድቃን ተነሥቶ እየቀነሰ 10 ላይ ይደርሳል። «ስለ አሥሩ አላጠፋትም» ይባላል። ሩሲያውያን ከዚያም ዝቅ አደረጉት። «ያለ ሦስት ጻድቃን ከተማ አይቆምም» የሚል የቆየ አባባል አላቸው። በ19ኛው መቶ ዘመን ደራሲው ኒኮላይ ሌስኮቭ ይህንኑ ይዞ ተነሣ። አንድ ደራሲ በሰው ነፍስ ውስጥ ከክፋት በቀር የሚታየኝ የለም ብሎት ነበር። ሌስኮቭ ነገሩ እንቅልፍ ነሣው፤ ሦስቱን ልፈልግ ብሎ ተከታታይ ታሪኮች ጻፈ። የመንደሩ ተረት ደግሞ ቁጥሩን አንድ ላይ አደረሰው።

በዚያው መቶ ዘመን ኪሬየቭስኪና ሆምያኮቭ የሚባሉ ፈላስፎች ነበሩ። ሩሲያ ምዕራብ አውሮፓን መቅዳት ትታ ወደ አባቶቿ ትመለስ ይሉ ነበር። ኪሬየቭስኪ ከኦፕቲና ገዳም አባ ማካሪ ጋር የአበውን መጻሕፍት አሳተመ። ሆምያኮቭ ሰዎች በፍቅርና በነፃነት አንድ ስለሚሆኑበት ኅብረት ጻፈ። መልካም ሐሳብ ነው። ሥጋ ለብሶ የታየኝ ግን በአንዲት አሮጊት ነው።

ሩሲያዊው ደራሲ አሌክሳንድር ሶልዠኒትሲን ከእስርና ከግዞት ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1956 ቭላዲሚር አካባቢ ገጠር ውስጥ ሒሳብ ያስተምር ነበር። የተከራየባት ሴት ታሪክ ሆነችለት። ታሪኩን ሲጽፍ ርእሱን ይህንኑ ተረት አደረገው። በጥር 1963 በ«ኖቪ ሚር» መጽሔት ሲወጣ ግን ርእሱ በአዘጋጁ በትቫርዶቭስኪ ምክር «የማትርዮና ቤት» ሆነ። በሶቪየት ዘመን «ጻድቅ» ብሎ ርእስ ማውጣት ቀላል አልነበረም።

የታሪኩ አሮጊት ማትርዮና ምንም የላትም። አንካሳ ድመት፣ አንዲት ፍየል፣ ቤቱን የሞሉት የተተከሉ አበቦች። ባሏ ከጦርነት አልተመለሰም። ጎረቤት ድንች ሲያወጣ ይጠሯታል፤ የራሷን ሥራ ጥላ ትሄዳለች፣ ሳንቲም አትቀበልም። ዘመዶቿ ገና በሕይወት እያለች የቤቷን ክፍል አፍርሰው እንጨቱን ጫኑት። እሷም አብራ ልታግዝ ወጣች። ባቡር መሻገሪያው ላይ ጭነቱ ተቀርቅሮ ቀረ። ባቡር መጣ።

አስከሬኗ በተሰበሰበ ጊዜ አንዲት ሴት አማትባ፣ ቀኝ እጇን ጌታ ትቶላታል፣ እዚያ ትጸልይበታለች አለች። ይህን ባነበብኩ ቁጥር መጽሐፉን አጥፌ ትንሽ እቀመጣለሁ።

ከቀብሩ በኋላ የባሏ እህት ታማት ጀመር። አሳማ እንኳ አላረባችም፣ ዕቃ አታውቅበትም፣ ሞኝ ናት፣ ለሰው በነፃ ትሠራለች። ተከራዩ ይህን እየሰማ ቁጭ ብሏል። ሐሜቱን ሲሰማ ነው ተረቱ ትዝ ያለው። ያቺ ጻድቅ እሷ ነበረች፤ አብረዋት የኖሩት ሁሉ፣ እሱም ጭምር፣ አላወቋትም።