ቀላል የአደንዛዥ ዕፅ ጥፋትና የአሜሪካ ወርክ ኤንድ ትራቭል ቪዛ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በወርክ ኤንድ ትራቭል ፕሮግራም ወደ አሜሪካ የሚሄድ ተማሪ የሚያመለክተው ጄ-1 ለተባለው ቪዛ ነው። ፕሮግራሙ ከፍተኛ ትምህርት ላይ ላሉና ቢያንስ አንድ ሴሚስተር ለጨረሱ ተማሪዎች ሲሆን፣ በትምህርት ዕረፍት ወቅት እስከ 4 ወር ሠርቶ መመለስን ይፈቅዳል። ከዓመታት በፊት ትንሽ ካናቢስ ተገኝቶበት የተቀጣ ሰው ለማመልከት ሲነሳ ምክሩ ከየአቅጣጫው ይጎርፍለታል። አብዛኛው የተሳሳተ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ሊስተካከል ይችል የነበረውን ጉዳይ እስከ መጨረሻው ያበላሻል።

«ጥፋቱ ቀላል ነው፤ በገንዘብ ቅጣት አልፏል»

ጥፋቱን የሚመዝነው ቪዛውን የሚሰጠው አገር ሕግ ነው። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ የየትኛውንም አገር የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ ጥሶ ጥፋተኛ የተባለ ሰው እንዳይገባ ይከለክላል፤ ቅጣቱ ጥቂት ገንዘብ ብቻ ቢሆንም። በሕጉ ውስጥ ለጥቃቅን ወንጀሎች የተተወ መውጫ መኖሩ እውነት ነው፦ ወንጀሉ ከ1 ዓመት በላይ የማያሳስር ከሆነና የተፈረደውም ከ6 ወር ካልበለጠ ይታለፋል። ብዙዎች ይህን አንብበው እፎይ ይላሉ። መውጫው ግን እንደ ስርቆትና ማጭበርበር ላሉ ወንጀሎች የተደነገገ ነው፤ የአደንዛዥ ዕፅ ጥፋትን አይጨምርም።

«ከ30 ግራም ያልበለጠ ካናቢስ አያስከለክልም» እየተባለ የሚወራውም ከዚሁ ዓይነት የተዛባ ንባብ የመጣ ነው። ሕጉ 30 ግራም ወይም ከዚያ በታች ካናቢስ ለራሱ ይዞ አንድ ጊዜ ብቻ የተቀጣን ሰው የሚጠቅሰው በቋሚነት ለመኖር የሚያመለክቱ ሰዎች ይቅርታ የሚጠይቁበትን በር ሲያስቀምጥ ነው። ለእነሱም ቢሆን የመጠየቅ መብት ይሰጣል እንጂ ነፃ አያወጣም። ለጄ-1 አመልካች ያለው መንገድ ሌላ ነው፤ ከታች እንመጣበታለን።

«መዝገቡ ተሰርዟል፤ የለም ብል ውሸት አይሆንም»

ከሁሉ አደገኛው ምክር ይህ ነው። ዲኤስ-160 የተባለው የቪዛ ማመልከቻ ቅጽ የሚጠይቀው ተይዘው ወይም ተፈርዶብዎት ያውቁ እንደሆነ ነው፤ ምሕረት ወይም ይቅርታ የተደረገበትም ቢሆን እንዲገለጽ በግልጽ ያዛል። የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ ጥሰው ያውቁ እንደሆነም ለብቻው ይጠይቃል። በኢሚግሬሽን ሕጉ መሠረት አንድ ሰው ጥፋቱን አምኖ ፍርድ ቤቱም ማንኛውንም ቅጣት ወይም ገደብ ከጣለበት ጥፋተኛ ተብሏል ማለት ነው። የገደብ ጊዜውን በመልካም ሁኔታ ስለ ጨረሰ ክሱ በኋላ ቢሰረዝለት እንኳ ይህ አይለወጥም። ፍርዱ የተሻረው በክርክሩ ላይ የሕግ ስህተት ተገኝቶ ከሆነ ግን ሁኔታው ይለያል፤ የይግባኙን ውሳኔ ማያያዝ ያስፈልጋል። ከ18 ዓመት በታች ሆኖ እንደ ወጣት አጥፊ የታየ ጉዳይም በዚህ ሕግ እንደ ጥፋተኝነት ፍርድ አይቆጠርም። እንዲያም ሆኖ የመያዝ ጥያቄው ላይ «አዎ» ብሎ በአጭሩ ማብራራት ግድ ነው።

እያወቁ «የለም» ማለት ደግሞ ራሱን የቻለ ሁለተኛ ክልከላ ያመጣል፤ ቪዛ ለማግኘት ወሳኝ ነገርን አጭበርብሮ መናገር በሚል። ይህ ክልከላ የጊዜ ገደብ የለውም። ይቅርታ ሊያገኝ ይችል የነበረ ትንሽ ጥፋት ዕድሜ ልክ የሚከተል ይሆናል። የሚያሳዝነውም ብዙ ጊዜ ይህ የሚደርሰው ደላላ ወይም ጓደኛ ቅጹን በሞላላቸው ሰዎች ላይ መሆኑ ነው። ሌላ ሰው ቢሞላልዎትም ኃላፊው ፈራሚው ነው፤ ከመላክዎ በፊት እያንዳንዱን መልስ ራስዎ ያንብቡ።

«አልተፈረደብኝም፤ ስለዚህ አይመለከተኝም»

ክሱ ተቋርጦ ወይም በነፃ ተሰናብተው ከሆነ ክልከላው ወዲያው አይመጣም፤ መያዝዎን ግን መግለጽ አለብዎት። ወንጀሉን የሚያቋቁሙትን ፍሬ ነገሮች ለቆንስላው አምኖ መናገርም ያለ ፍርድ ክልከላ ሊያስከትል እንደሚችል ይወቁ። እንዲህ ያለ ጉዳይ ያለው ሰው ከቃለ መጠይቁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢያማክር ገንዘቡ አይባክንም።

«ካናቢስ እዚያው አሜሪካ በሱቅ ይሸጣል»

በአንዳንድ ግዛቶች ይሸጣል። ቪዛ የሚታየው ግን በፌዴራል ሕግ ነው፤ በዚያ ካናቢስ አሁንም ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዕፆች አንዱ ነው።

«የፖሊስ ክሊራንስ ንጹሕ ከሆነ ይበቃል»

አይበቃም። ቆንስላው ማየት የሚፈልገው የፍርድ ቤቱን መዝገብ ነው፦ የክስ ማመልከቻውን፣ ውሳኔውን፣ ቅጣቱ ስለ መፈጸሙ ማስረጃን፣ የተከሰሱበትን የሕግ አንቀጽ ሙሉ ቃል። ሁሉም በማኅተም የተረጋገጠ ቅጂ ሆኖ ወደ እንግሊዝኛ በሕጋዊ ተርጓሚ መተርጎም አለበት። የዕፁ ዓይነትና መጠን በግልጽ የተጻፈበትን ገጽ አይተዉ። የተያዘው ለራስ መጠቀሚያ መሆኑ ካልታየ ሽያጭ ሊጠረጠር ይችላል፤ ለዝውውር ደግሞ ፍርድ ሳይኖር ምክንያታዊ ጥርጣሬ ብቻ ለክልከላ ይበቃል። መዝገቡ ጠፍቶ ወይም ተወግዶ ከሆነ ይህንኑ የሚገልጽ ደብዳቤ ከፍርድ ቤቱ ያጽፉ።

«አንዴ ክልከላ ካለ አበቃ»

አላበቃም። ለጊዜያዊ ቪዛ አመልካቾች ዌቨር የሚባል፣ ክልከላው እያለ ለመግባት የሚሰጥ ፈቃድ አለ። በቆንስላ በኩል ሲጠየቅ መኮንኑ የድጋፍ ሐሳብ ይልካል፤ የሚወስነው የአሜሪካ የጉምሩክና ድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። የሚመዘኑት ነጥቦች ሦስት ናቸው፦ ሰውየው ቢገባ ኅብረተሰቡ ላይ የሚደርስ አደጋ፣ የጥፋቱ ክብደት፣ የጉዞው ምክንያት። መለኪያው የተቀመጠው በ1978 እ.ኤ.አ. በተሰጠ ውሳኔ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሰናከሉበት ነገር አለ። ዌቨር የሚነሳው ለቪዛው ራሱ ብቁ ለሆነ ሰው ነው። መኮንኑ «ሥራህን ጨርሰህ ወደ ትምህርትህ ለመመለስህ አላመንኩም» ብሎ በኢሚግሬሽን ሕጉ አንቀጽ 214(ለ) ከከለከለ፣ የዕፁ ጉዳይ ሳይነሳ ይዘጋል፤ ያንን ክልከላ ዌቨር አያነሳውም። ስለዚህ መጀመሪያ የተማሪነት ማስረጃውንና የመመለሻ ምክንያቱን ያጠናክሩ። ከተከለከሉም በሚሰጥዎት ወረቀት ላይ የተጻፈውን አንቀጽ ያንብቡ፤ ቀጣዩ እርምጃ በእሱ ይወሰናል።

ለዌቨሩ አንድ ገጽ ደብዳቤ በቂ ነው። ቀኑን፣ የሆነውን፣ ከዚያ ወዲህ ያለፈውን ጊዜ፣ ትምህርቱን፣ ሕክምና ወይም ምክር ተከታትለው ከሆነ እሱን ከነማስረጃው ያስቀምጡ። ጥፋቱን በጓደኛ ማሳበብ ደብዳቤውን ያዳክማል።

ውሳኔው ወራት ይወስዳል፤ የፕሮግራሙ መጀመሪያ ቀን ደግሞ አይጠብቅም። ለስፖንሰሩ፣ ማለትም በፕሮግራሙ ለተቀበለዎት ድርጅት፣ አስቀድመው ይንገሩ፤ ቪዛው ቢከለከል ከተከፈለው ምን ያህል እንደሚመለስም በጽሑፍ ይጠይቁ። የቪዛ ማመልከቻ ክፍያው፣ 185 ዶላር፣ በምንም ምክንያት አይመለስም።

«ዓመታት ካለፉ ራሱ ይነሳል»

በአሜሪካ ሕግ አይነሳም፤ ያለፈው ጊዜ የሚጠቅመው ዌቨሩ ሲመዘን ነው። ይህን ወሬ ያመጣው የካናዳ ሕግ ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ቅጣቱ ከተፈጸመ 5 ዓመት በኋላ የመታረም ውሳኔ መጠየቅ ይቻላል፤ ለአንዳንድ ነጠላ ጥፋቶችም 10 ዓመት ሲሞላ እንደ ታረመ ይቆጠራል። የጃፓን ሕግ በተቃራኒው በዕፅ የተቀጣን ሰው ያለ ጊዜ ገደብ ያግዳል። የአንዱን አገር ደንብ ለሌላው አይዋሱ።

«ቪዛው ከታተመ ጉዳዩ አለቀ»

ቪዛ እስከ መግቢያ በር ያደርሳል፤ የሚያስገባው የድንበር መኮንኑ ነው፣ መዝገቡንም እንደገና ሊያነሳ ይችላል። የፍርድ ቤት ሰነዶቹን ከነትርጉማቸው ስፖንሰሩ ከሚሰጥዎት፣ ዲኤስ-2019 ከተባለው የፕሮግራም ማረጋገጫ ቅጽ ጋር በእጅ ሻንጣ ይያዙ። በቃለ መጠይቁ ላይ የተናገሩትንና በቅጹ ላይ የጻፉትን ከመብረርዎ በፊት ደግመው ያንብቡት፤ መልሶቹ ካልተጣጣሙ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሊመልሱዎት ይችላሉ።